ከማዶ ወይስ ከአጠገብ

ሐሙስ፣ ቀን 3

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። ሰማንያ ሁለት ተመራቂ ነርሶች አዳራሹ ውስጥ ደረጃው ላይ በአራት ረድፍ ቆመዋል። «ሦስተኛው ረድፍ፣ አገጭ ቀና!» ብዬ ግራ እጄን እንዳነሣሁ ባለስቱዲዮው ከኋላዬ መጣና የካሜራውን ማንገቻ ከአንገቴ አውልቆ ወሰደው። ማንገቻው ጸጉሬን ይዞት ስለነበር አንገቴም አብሮ ተጎተተ። ከረድፉ መሃል አንዷ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ መብራት እንኳ አትይዢም» አለኝ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። ከዚያ ወደ ነርሶቹ ዞረና ፈገግ አለ። «ይቅርታ ልጆች፣ ዋናው ፎቶ አንሺ አሁን ነው የመጣው።»

አላለቀስኩም። አዳራሹን አቋርጬ እስክወጣ ድረስ ጫማዬ ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር።

እስከ ትናንት እዚህ ደብተር ላይ «እሳቸው» እያልኩ ነበር የምጽፈው። ከዛሬ ጀምሮ «እሱ» ነው።

አርብ፣ ቀን 4

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ እያደር እኔው ራሴ መጠራጠር እጀምራለሁ።

አንድ አሳታሚ ድርጅት ስለ አሮጌው የእጅ ሥራ መንገድ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው። መንገዱ በሚቀጥለው ዓመት ይፈርሳል። ሚዛን ጠጋኙ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ ጃንጥላ አዳሿ ሁሉም ይነሣሉ። ፎቶ አንሺ ይፈልጋሉ። ስቱዲዮ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ካነሣኋቸው ሃያ መርጬ ላክሁ። አርታኢዋ ወደደቻቸው። ከዚያ የፋይሎቹን መረጃ ከፍታ አየች። እያንዳንዱ ፎቶ ሆዱ ውስጥ መቼ፣ በየትኛው ሌንስ፣ በማን እንደተነሣ ይዟል። በሃያዎቹም ላይ «ፎቶ አንሺ» የሚለው መስመር የባለስቱዲዮውን ስም ያሳያል። ደውላ ጠየቀችው።

«የእኔ ናቸው። ልጅቷ መብራት ያዥ ናት» አላት። ከዚያ በኋላ ነው ካሜራውን ከአንገቴ የወሰደው።

ሃያዎቹንም ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ በተነሡበት ቀን እሱ ከተማ ውስጥ እንኳ አልነበረም።

«ታዲያ ስሙ እንዴት ገባ?» አለ ታላቅ ወንድሜ።

«ካሜራው የስቱዲዮው ነዋ።»

እውነት ነው። ሙሉው አይደለም፤ ግን እውነት ነው።

ቅዳሜ፣ ቀን 5

እማዬ፦ «ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው።»

«ምን አድርጌ?»

«ምንም ባታደርጊም። አባትሽ ሆስፒታል ሲተኛ አርባ ሌሊት ወንበር ላይ ያደረ ሰው ነው። እኔና አንቺን እንቅልፍ ሲጥለን የነቃው እሱ ነበር።»

«አባቴን ስለጠበቀ አመሰግነዋለሁ። ፎቶዎቼን ግን ጠብቅልኝ አላልኩትም።»

እማዬ ስትናደድ ዕቃ አትወረውርም። በጣም ቀስ ብላ ነው የምታስቀምጠው። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ድምፅ አላወጣም።

ሰኞ፣ ቀን 7

አርታኢዋ ቢሮ። እግሬን ሳነቃንቅ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው እስክሪብቶ ማስቀመጫ ይንጫጫ ነበርና በእጇ ያዘችው።

«ማንን እንደማምን አላውቅም» አለችኝ። «እሱ ማስረጃ አለው፤ አንቺ አፍ አለሽ።»

«ሁለቱንም አሳይዎታለሁ።»

«በራስሽ ካሜራ፣ ከዚያው መንገድ፣ አሥር ፎቶ አምጪልኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ። ጥሩ ከሆኑ ሥራው ያንቺ ነው።»

ካሜራ የለኝም ልላት ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ቀን 8

ካሜራ ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ያለኝ አንዷን ይገዛል። ዋጋቸው ይቀራረባል።

አንደኛዋ ሚረርለስ ናት፣ ለጀማሪ የምትሸጠው። ሌንሷ ይፈታል፤ አሁን ያላት ግን አንድ አጭር ሌንስ ነው። ሰው ለማንሣት ሁለት እርምጃ ያህል ተጠግተሽ መቆም አለብሽ። ሁለተኛዋ ሱፐርዙም ናት፤ ኮት ኪስ ውስጥ ትገባለች። ሌንሷ ከአካሏ ጋር የተሠራ ነው። ስትከፈት አፍንጫዋ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄዶ መንገድ ማዶ የቆመን ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ያስቆጥራል።

ሻጯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁለቱን በሁለት መዳፏ ያዘቻቸው። «የኔ እናት፣ አታድክሚኝ። ይቺ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ክንዷ አጭር ነው። ይቺ ደግሞ ክንዷ ረጅም ነው፣ ዓይኗ የምስር ፍሬ ያህል ነው። ብርሃን ካለ ሁለቱም ያያሉ። ሲጨልም ግን ምስሯ ትደናበራለች። ጨለማ ቤት ውስጥ ነው የምትሠሪው፣ ሜዳ ላይ?»

«መንገድ ላይ።»

መንገድ ላይ ነው ያልኳት። ሱቆቹ ግን ከመንገዱ ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መስኮት እንኳ የላቸውም። ይህን አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ቀን 9

ሱፐርዙሟ ትሻላለች። ሌላ ሌንስ ግዢ አትልም። ሌንስ ስለማይፈታ አቧራ አይገባባትም። ቀላል ናት። ማንም አያስተውላትም።

የመጨረሻውን ምክንያት መጀመሪያ ላይ ነበር የጻፍኩት። ሰርዤ ወደ ታች አወረድኩት።

ሐሙስ፣ ቀን 10

ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ ስለሚውል ማታ ቤት የሚገባው ለመናገር ነው። ጠረጴዛው ላይ የሁለቱን ካሜራዎች ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ አገኘኝ።

«ባል ስትመርጪ እንዲህ ብትጨነቂ እማዬ ምንኛ በተደሰተች።»

«ባል ይፈታል። ካሜራ ሻጯ ደግሞ ከሰባት ቀን በኋላ መልሳ አትወስድም።»

«ሌንሱ የሚፈታው የትኛው ነበር?»

እማዬ እንኳ ሳቀች። ከዚያ ወንድሜ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገና ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ትንሿን ውሰጂ። በኪስሽ ትገባለች። ማንም መጥቶ አይነጥቅሽም» አለ።

ለእኔ አስቦ ነው የተናገረው። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። «እኔን ማንም አልነጠቀኝም፤ የራሱን ነው የወሰደው» ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። አልጋው ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ለማን ጥብቅና እንደቆምኩ የገባኝ።

ቅዳሜ፣ ቀን 12

ፌርማታ ላይ ላጲስን አገኘሁት። ላጲስ የስቱዲዮው ፎቶ አስተካካይ ነው። ብጉር፣ ሽበት፣ የተጣላ አማች፣ ምኑም ምኑም ከፎቶ ላይ ያጠፋል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሣኋትን እያንዳንዷን ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ የገለበጠው እሱ ነው። ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እህቴ፣ አየሁም አልልም፣ አላየሁምም አልልም» አለኝ ሳልጠይቀው።

«እሱን ተክነህበታል። ሰው ሲጠፋም ዝም ነው።»

«ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«እኔ አትመስክር አልኩህ? መስክርም አላልኩህ። አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው።»

ጫማውን አየ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ካሜራ አዲስ የመጣ ቀን ስሙን ውስጡ ያስገባው ማነው?»

አውቶቡሱ መጣ። የእኔ መስመር አልነበረም፤ ግን ተሳፈርኩ።

ሰኞ፣ ቀን 14

ሻጯ መታወቂያዬን ይዛ ሱፐርዙሟን ለሦስት ቀን ለሙከራ ሰጠችኝ። ከእጅ ሥራው መንገድ ማዶ ካለው ሕንጻ የውጭ ደረጃ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ጋ ተቀመጥኩ። ግሩም ቦታ ነው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ማንም «ማን ልኮሽ ነው?» አላለኝም። በአንድ ረፋድ ሁለት መቶ አሥር ፎቶ።

ይኸው! ማን ነበር አትችይም ያለኝ?

ማክሰኞ፣ ቀን 15

ሁለት መቶ አሥሩን አየሁ።

ጀርባ። ጀርባ። የቆርቆሮ ጠርዝ። ግማሽ ጆሮ። ወደ ውስጥ ባነጣጠርኳቸው ላይ ጨለማው እንደ ተቦካ ሊጥ ሆኗል፤ የሰው ፊት ከግድግዳ አይለይም። ጃንጥላ አዳሿ በር ላይ ወጥታ ስትቆም ያነሣኋት ጥርት ያለች ናት፤ የጆሮዋ ጉትቻ ሳይቀር ይታያል። ግን ምንም አትለኝም። ምን እያሰበች እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያነሣኋት።

ከሰዓት ተመልሼ ሄድኩ። ብርሃኑ ነው ብዬ። የከሰዓት ብርሃን ይሻላል።

ሱቆቹ በራቸውን ገርበብ ማድረግ ጀምረዋል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ያያል። ምሳ ሰዓት ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ?

ረቡዕ፣ ቀን 16

ዛሬ ሚዛን ጠጋኙ መንገዱን ተሻገሩ።

ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፣ የቆዳ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ነው የመጡት። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ፣ ከእኔ ሦስት ደረጃ በታች ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ። ለካሽን ጨረስሽ?»

«ምኑን፣ አባባ?»

«እኛን ነዋ! ከወር በፊት ሁለት ሰዎች እዚሁ ደረጃ ላይ ሆነው ከማዶ አንሥተውን ሄዱ። በሳምንቱ በየበራችን ላይ ቀይ ቁጥር ተጻፈ። የእኔ አሥራ ሰባት ነው። አሁን ደግሞ አንቺ ሦስት ቀን ሙሉ። ምን ቀረሽ? የጣራችንን ምስማር ነው የምትቆጥሪው?»

የመጽሐፉን ነገር ነገርኳቸው። እያምታታሁ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው።

«መጽሐፍ» አሉ። «እና እኔን ለመጽሐፍ ከማዶ ሆነሽ የምታነሺኝ ወፍ ነኝ? እንዳልበርብሽ ነው?»

«እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው» አልኩ።

«የረበሽሽን ተደብቀሽ ስታነሺ ነው።» ወደ ታች መውረድ ጀመሩና ሳይዞሩ፦ «ከፈለግሽኝ ገብተሽ ተቀመጪ። ወንበር አለ። ካልፈለግሽኝ ደግሞ ተይን።»

አሁን ሌሊት ነው፤ ቤቱ ተኝቷል። ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ስለሆነ ልጻፈው።

ያ ካሜራ አዲስ የመጣ ቀን መመሪያውን አንብቦ የሚረዳ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ባለስቱዲዮው ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋና «አንቺ የተማርሽው፣ አዘጋጂው» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀኑን ሞላሁ፣ ሰዓቱን ሞላሁ። ከዚያ ሁለት ባዶ መስመሮች መጡ። አንዱ «የመብት ባለቤት»፣ ሌላው «ፎቶ አንሺ»። በመጀመሪያው ላይ ስሙን ጻፍኩ፤ ካሜራው የእሱ ነውና። ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ሲያፈጥብኝ እዚያም የእሱን ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። በጣቴ፣ ፊደል በፊደል። ባዶ ከሚሆን ብዬ። የእኔ ስም እዚያ መስመር ላይ ሊጻፍ እንደሚችል በፍጹም፣ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ፣ ትዝ አላለኝም። ዲግሪ ያለኝ ሰው! ፈተና ላይ ስሜን መጻፍ ረስቼ የማላውቅ!

ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም። ለአርታኢዋ አልነገርኳትም። ሲጠይቁኝ ካሜራው የስቱዲዮው ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።

ግን አንድ ነገር ደግሞ እውነት ነው። እኔ ስሙን በስህተት ጻፍኩ። እሱ ተጠይቆ፣ አውቆ፣ በአፉ ዋሸ። የእኔ ስህተት የእሱን ውሸት አይሸፍንለትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለቱን አንድ ላይ አስሬ ስሸከማቸው ነበር። ለየብቻቸው ይመዘኑ።

እና ሱፐርዙሟ ምንም አላጠፋችም። ወፍ ለሚያነሣ፣ ልጁ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ለሚያነሣ አባት፣ ተጓዥ ሆኖ ሻንጣው ለጠበበው ሰው ግሩም ዕቃ ናት። እኔ ግን የፈለግኋት ሩቅ ስለምታይ አይደለም። እንዳልታይ ነው።

ሐሙስ፣ ቀን 17

ሱፐርዙሟን መለስኩ። ሚረርለሷን ገዛሁ።

ሻጯ፦ «ጨለማ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው የምትሠሪው።»

«በጣም ጨለማ።»

«ኋላ ሌላ ሌንስ አምሮሽ መምጣትሽ አይቀርም። ይቺ እንዲህ ናት፤ አንዴ ገዝተሽ አትገላገያትም።» እየሳቀች የአንድ ተጨማሪ ባትሪ ዋጋ ነገረችኝ። አልቻልኩም። አንድ ባትሪ ይበቃኛል።

ፌርማታው ላይ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለቱ መስመሮች መጡ። ሁለቱንም ሞላኋቸው። ከአያቴ ስም ጋር።

አርብ፣ ቀን 18

ገባሁ። ሚዛን ጠጋኙ ባሉት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አንድም አላነሣሁ።

«ከስቱዲዮ ነው የመጣሽው?» አሉኝ አባባ።

«ከቤቴ ነው።»

«ማን ላከሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንደዚያ ከሆነ አለቃሽ አይቆጣሽም፤ ተረጋጊ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሰኞ፣ ቀን 21

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ። አባባ የጠገኑትን ሚዛን ሲፈትሹ በሁለቱ ሳህኖች ላይ እኩል ድንጋይ ያስቀምጡና ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ትንፋሽ ሳህን ያንቀሳቅሳል። የሚዛኑ ምላስ መሃል ላይ እስኪቆም ድረስ ቤቱ ውስጥ ማንም አይተነፍስም፤ ደንበኛውም ጭምር። እኔም በዚያ ጨለማ ውስጥ የካሜራዬ መዝጊያ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚቆይ እንዳይነቃነቅ ትንፋሼን ይዣለሁ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ ምላሱ ቆመ፤ አነሣሁ።

ይህን ከማዶ ሆኜ መቼም አላየውም ነበር።

ረቡዕ፣ ቀን 23

ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ ጠዋት። ጃንጥላ አዳሿ፣ ከሰዓት። አባባ ናቸው ይዘውኝ የዞሩት፣ «የማዘጋጃ ቤት አይደለችም፣ የራሷ ናት» እያሉ። ጃንጥላ አዳሿ «የራሷ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። «ደመወዝ የላትም ማለት ነው» አሏት። ተሳቀ። ወንበር አመጣችልኝ።

ጣቷ ላይ የጃንጥላ ሽቦ የወጋው አሮጌ ጠባሳ አለ። አሥራ አንድ። ራሷ ቆጠረችልኝ።

አርብ፣ ቀን 25

ደክሞኛል። ሰባት ጥሩ አሉኝ። ባትሪዋ በየጠዋቱ ሙሉ ነው፤ ማታ መሰካቴን ግን አላስታውስም። ድካም ነው። ወንድሜ ደግሞ የሳሎኑን ሶኬት ማን ያዘው ብዬ ስጠይቅ «እኔ ምን አውቄ» አለ እየሳቀ።

እሑድ፣ ቀን 27

ከሰዓት በር ተንኳኳ። ባለስቱዲዮው ነው። እማዬ ነበረች የጠራችው። ሶፋው ላይ፣ የአባቴ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት።

«ልጄ፣ ያለፈው አለፈ» አለ። «ስለ መጽሐፉ ሰምቻለሁ። ትልቁን ካሜራ ውሰጂ። ሁለቱን ሌንሶችም። እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ በዚች መጫወቻ ምን ትሠሪያለሽ?»

መጫወቻዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ሳይጠይቀኝ አነሣት፣ ከፈታት፣ ፎቶዎቹን ማየት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በፍጥነት። የሚዛኑ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ብዙ ቆየ። ያ ሰው ሠላሳ ዓመት ፎቶ አንሥቷል፤ ያየውን ያውቃል።

«መብራቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከበሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ከበሩ ብቻ?»

«ከበሩ ብቻ።»

ካሜራዬን ግን አላስቀመጠም። «እንግዲህ ከእኛ ስቱዲዮ ነው የወጣው እንበል። ስምሽም ከስር ይገባል፤ እኔ አልከለክልም። ብቻሽን ብትቀርቢ ማን ያውቅሻል? ለአንቺው አስቤ ነው።»

እውነቱን ልጻፍ፤ ትልቁ ካሜራ አማረኝ። ያንን ሌንስ በጨለማ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አውቀዋለሁ። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ፣ ሦስት ፎቶ ይጎድለኛል። ለአፍታ ያህል እጆቼ ክብደቱን አስታወሱት።

«ካሜራዬን ያስቀምጡልኝ» አልኩት።

«ተይ እንጂ፣ ልጄ...»

«እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የእርስዎን ከአንገቴ ወስደዋል፤ መብትዎ ነው፣ የእርስዎ ነበር። ይቺ ግን የእኔ ናት። ያስቀምጧት።»

አስቀመጣት። እማዬን አየ። «ትሰሚያታለሽ? ይህን ነው ያሳደግነው?»

እማዬ ተነሥታ እሱ ወለሉ ላይ ያኖረውን የሻይ ብርጭቆ አነሣችና ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በጣም ቀስ ብላ። ድምፅ አላወጣም።

ከሄደ በኋላ ይቅርታ ጠይቂው የሚለው ነገር እንደገና አልተነሣም። በማን ተናዳ እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ፣ ቀን 30

አሥር ፎቶ። በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አደረስኩ። አርታኢዋ የፋይሎቹን መረጃ ከመክፈቷ በፊት «ይቆዩ» አልኳትና በመጀመሪያዎቹ ሃያ ፎቶዎች ላይ የባለስቱዲዮውን ስም በእጄ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ለምን እንደጻፍኩትም።

«ይህን ሳትነግሪኝም መሥራት ትችዪ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ማክሰኞ፣ ቀን 6

ተጠራሁ። ፎቶዎቹ አሥሩም ተወደዋል። ለቀሪው መጽሐፍ ሃምሳ ተጨማሪ ይፈልጋሉ። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነበብኩት። እንደ ተማረ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ገጽ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ መጽሐፉ ላይ የሚታተመው የስም መስመር ነበር። ፎቶግራፍ፦ የእኔ ስም። ከእሱ በላይ ደግሞ፦ «በእንትን ስቱዲዮ ባለቤት ጥበባዊ አመራር»።

«ይህ ምንድነው?»

አርታኢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ደውሎ ነበር። አስተምሬያታለሁ ይላል፤ ሥራ አስኪያጃችንን ያውቀዋል። አንድ መስመር ናት። ነገሩ በሰላም ይለቅ ብለን ነው።»

«ያስተማረኝ መብራት መያዝ ነው። እሱን ይጻፉለት።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «እኔ ባንቺ አምናለሁ። ግን ካልፈረምሽ መጽሐፉ ያለ አንቺ ሊወጣ ይችላል። እስከ ሰኞ አስቢበት።»

እስክሪብቶውን ወደ እሷ መለስኩት። «እስከ ሰኞ እናንተ አስቡበት።»

ቤት ስገባ እማዬ በሩ ላይ ነበረች። «ፈረምሽ?» ነገርኳት። «አንድ መስመር ምን ይጎዳሽ ነበር?» አለች፤ ግን እንደ ድሮዋ አልነበረም፣ መልሱን ማወቅ የፈለገች ትመስል ነበር። «ካልጎዳ ለምን እንደዚያ አጥብቆ ፈለገው?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንደተስማማች ይሁን እንደደከማት እንጃ።

ረቡዕ፣ ቀን 7

አባባ ሱቅ ውስጥ፣ በወንበሬ ላይ ሆኜ እየጻፍኩ ነው። ረፋድ ነው። ውል የለኝም። የጃንጥላ አዳሿ እህት ከገጠር መጥታለች፣ ዛሬ ሁለቱን አብሬ አነሣቸዋለሁ። መጽሐፉ ቢኖርም ባይኖርም በሚቀጥለው ዓመት ይህ ቤት የለም፤ የሆነ ሰው ገብቶ መቀመጥ አለበት።

ሰኞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እኔ የምለውን ግን አውቃለሁ፤ ሐሳቤን እንዳልቀይር እዚህ ላስፍረው። ከእንግዲህ ሰው ለአባቴ በዋለው ውለታ የእኔ ሥራ እንዲከፈል አልፈቅድም። ያልነበረበትን ቀን ነበርኩ የሚል ሰው አጠገብ ዝም ብዬ አልቆምም፤ የሠራሁትን ስህተት ራሴ እናገራለሁ፣ ያልሠራሁትን ደግሞ ማንም በትከሻዬ ላይ አይጭንም። ለሰላም ሲባል ዝቅ በይ ለሚለኝ ሁሉ፣ የማን ሰላም እንደሆነ አስቀድሞ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። መጽሐፉ ያለ እኔ ከወጣ ይውጣ። ከእኔ ጋር ከወጣ ግን፣ በዓይኔ ላይ አለቃ አልቀበልም።